በእናቴ ጨሌ ላይ የኔዋ ዶቃ

ወንድሜ አኖ ከተማ ሆኖ ሲደውል ከድምፁ በፊት የሚደርሰኝ የከባድ መኪና ጡሩንባ ነው። የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት የአዲስ አበባው አስፋልት ዳር ስለሆነ «አካም ጅርታ፣ እህቴ?» ብሎ እስኪጨርስ ሁለት ሦስት አይሱዙ ያልፋል። የዚያን ቀን ግን ሰላምታውን ዘለለው።

«የት ነሽ?»

«ሥራ ላይ።»

«እንግዲያው ጥግ ያዢ።»

ከቤት የሚመጣ ስልክ ሰላምታ ከዘለለ መርዶ ነው፤ እንዲህ ለምደን ነው ያደግነው። የምሠራው ጅጅጋ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው፤ አዋላጅ ነርስ ነኝ። እጄ ላይ የነበረውን የታጠበ አንሶላ ኮሪደሩ ውስጥ ያለው አግዳሚ ላይ አስቀምጬ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

«አዮ ናት?» አልኩት። እናታችንን የምንጠራት እንደዚያ ነው።

«እሷው ናት። ጌታን ተቀበለች።»

«እስቲ ድገመው።»

«ጌታን ተቀበለች እልሻለሁ! ማንም አልወተወታትም። ወንጌላዊው የጎረቤት በሽተኛ ጠይቆ ሲመለስ አጥር ላይ ጠራችው። ‹ና እስቲ ለእኔም ጸልይልኝ፤ ልጄ ስትጸልይልኝ ኖራ ኖራ የደከማት መሰለኝ› አለችው። እኔም እንዳንቺው ሦስቴ አስደግሜያለሁ።» ከዚያ ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረበት። ወንድሜ ሲያለቅስ የሰማሁት አባታችን ሲቀበር ብቻ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ወገቧን ይዛ የምትመላለስ ምጥ የጀመራት ሴት ነበረች። የሶማሌ ሴት ናት፤ አማርኛዋ ትንሽ ነው። እንባዬን ስታይ ቆም አለች። «ማን ሞተ?» አለችኝ።

«ማንም አልሞተ። እናቴ ደህና ናት፤ በጣም ደህና ናት።»

«አልሐምዱሊላህ» አለችና መራመዷን ቀጠለች። እኔም አሜን አልኩ። አንሶላውን አንስቼ ወደ ሥራዬ ገባሁ።

የተወለድኩበት ቤት ያለው ጉቶ ጊዳ ነው፤ ከነቀምቴ በባጃጅ ይኬድና ባጃጁ ካቆመበት ቁልቁል በእግር ይወረዳል። አባቴ ቀድሞ ስለሞተ እናቴ በቆሎውንም ላሞቹንም እኛንም ለብቻዋ ነው የያዘችው። በዚያ ቤት ውስጥ ከጓዳው ምሰሶ ላይ የቆዳ ከረጢት ተንጠልጥሎ ነበር፤ ውስጡ ጨሌው አለ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ነጭ ዶቃ በአንድ ክር ተሰክቶ፣ ቅቤ ጠጥቶ ጠጥቶ ያብረቀርቃል። በእኛ ቤት ጨሌ ከእናት ወደ ታላቅ ሴት ልጅ ነው የሚወርደው። በዓመት አንዴ የሰፈሩ ሴቶች ይሰበሰቡና ለአቴቴ፣ ማህፀን ትከፍታለች ከብት ታረባለች ለሚሏት መንፈስ፣ ርጥብ ሣር ይዘው ይዘፍናሉ። ልጅ ሆኜ የምወደው ጭኮውን ነበር፤ በቅቤ የራሰውን የገብስ ዱቄት እየላስኩ ከምሰሶው ሥር እንቅልፍ ይወስደኛል።

ጌታን ያገኘሁት ነቀምቴ ቤት ተከራይቼ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ነው። ለእናቴ የነገርኳት በቆሎ እየፈለፈልን ነበር። እጇን አላቆመችም።

«መልካም ጌታ ከሆነ ያዢው» አለችኝ። «እኔን ግን በዚህ ዕድሜዬ ቤት አታስለቅቂኝ።»

ከዚያ በኋላ ቤት በሄድኩ ቁጥር ከረጢቱ ላይ ነጠላ ተሸፍኖበት አገኛለሁ። አፍራበት አልነበረም፤ ለዓይኔ አስባልኝ ነው። እኔም ለእሷ አስቤ ዝም እላለሁ፤ ተኝታ ሳለች እጸልያለሁ። «አውጥተሽ ለምን አትጥይውም?» ብለው የወቀሱኝ የቤተ ክርስቲያን ወንድሞችና እህቶች ነበሩ። የሰው ቤት ሰብሮ የሚገባ ጌታ ግን እኔ አላውቅም። የማውቀው በር ላይ ቆሞ የሚያንኳኳውን ነው። ሲያንኳኳ ደግሞ ስንት ዓመት ታገሠ!

እንግዲህ በእኛ በኩል እንዲህ ያለ ቤት ወደ ጌታ ሲመጣ ወግ አለው። ከጥምቀቱ በፊት ባለው ቅዳሜ ምእመናን እየዘመሩ ወደ ሰውየው ቤት ይመጣሉ። ዕቃውን የሚያወጣው ባለቤቱ ነው፤ ሌላ ሰው አይነካውም። በራሱ እጅ አውጥቶ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እሳት ውስጥ ይከተዋል። በማግስቱ እሁድ ይጠመቃል። እናቴም ትምህርቱን ተምራ ጨርሳ ቅዳሜዋ ተቆረጠላት። እኔ በዚያ ቀን ተረኛ ነበርኩ፤ ስልኬን በጋዋኔ ኪስ ይዤ ዋልኩ። አልጮኸም። ማታ ላይ ወንድሜ ሲደውል ድምፁ ሌላ ነው።

«ሳይሆን ቀረ።»

የሆነውን አንድ በአንድ ነገረኝ። እናታችን የቅቤውን ቀንድ አወጣች፤ ቅሉን አወጣች። ከዘማሪዎቹ አንዱ ቀናተኛ ሲንቄዋን፣ ሴት ስትዳር የሚሰጣትን በትር፣ አንስቶ ወደ እሳቱ ሲል «እሱን አስቀምጥ! እሱ የትዳሬ መብት ነው፤ ሰይጣን አልሰጠኝም» ብላ ነጠቀችው። ሰው ሳቀ፤ ወንጌላዊውም ሳቀ። በመጨረሻ ጨሌውን በወጭት አመጣች። ክሩን ቆርጣዋለች፤ ዶቃዎቹ ተበትነዋል። ወጭቱን ሰጥታ መዳፏን ግን ጨብጣ ቀረች።

«እጅዎ ውስጥ ምን አለ?» አላት ወንጌላዊው።

«አንዲት ዶቃ።»

«እሷንም እንጂ፣ እማማ። አንድም አይቅር።»

«እሷ የኔ አይደለችም።»

ደጋግመው ለመኗት። «የኔ አይደለችም» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም። ሰው ፊት ሲጨንቃት እንደዚያ ናት፤ አንድ ቃል ይዛ ትቆማለች። ወንጌላዊው ወጭቱን መልሶላት እሳቱን አስጠፋ። ልቧ ሙሉ እስኪሆን ጥምቀቱ ይቆይ ተባለ። አጥሩ ላይ ተደግፋ ስታይ የነበረች፣ ዕድሜ ልኳን ከእናቴ ጋር አቴቴን ያከበረች ጓደኛዋ ሳታሾፍ አልቀረችም።

«ምነው አንዱን እግርሽን እነሱ ጋ፣ አንዱን እኛ ጋ አድርገሽ እንዴት ልትሄጂ ነው?»

«አንቺ መጀመሪያ ክንድሽን ከአጥሬ ላይ አንሺ!» አለቻት እናቴ። ገብታም በሯን ዘጋች።

ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ ተቆጥቶ ነበር። «ምን ዓይነት ግትርነት ነው? ለአንዲት ዶቃ ብላ!» እኔ ግን ግትርነት አልመሰለኝም። እናቴ በቆሎ ስትበደር የምትመልሰው ቁና አናቱ የተቆለለ ነው። እንዲህ ያለች ሴት «የኔ አይደለም» ካለች የእሷ አይደለም ማለት ነው። ታዲያ የማን ናት?

በማግስቱ ደወልኩላት። ቤቷ ውስጥ ኔትወርክ ስለሌለ ከጓሮ ያለው ጉብታ ላይ ትወጣለች፤ ቀድሞ የሚሰማኝ ትንፋሿ ነው።

«አዮ፣ አንድ ዶቃ አስቀረሽ አሉኝ።»

«አዎ።»

«የማን ናት?»

«ያንቺ ናታ!»

ያኔ ትዝ አለኝ። በእኛ ቤት ሴት ልጅ ስትወለድ በእናቷ ጨሌ ላይ አንድ ዶቃ ይጨመራል። ልጅቱ አድጋ ጨሌውን እስክትረከብ ድረስ እናት ትጠብቃለች። የኔዋ ነጭ ናት፤ አያቴ ናት የሰካቻት። ልጅ ሆኜ በጣቴ ፈልጌ አገኛት ነበር። ከዚያ ወዲህ አስቤያትም አላውቅ።

«አዮ ኮ፣ እናቴ፣ አልፈልጋትም። ጣያት።»

«እንዲህ በቀላሉ! የራሴን እኔ ሰጠሁ። ያንቺን ብጥል ምን እባላለሁ? ‹አትስረቅ› እያሉ አይደል ያስተማሩኝ? የተማርኩት ሳይደርቅ ልስረቅ?»

«ፈቀድኩልሽ እኮ።»

«በስልክ፣ ለእኔ ጆሮ ብቻ? አደራ እንደዚያ አይመለስም። ሰው ፊት ነው የሚመለስ። ደግሞ እንደገና ትወለጃለሽ አሉኝ። አንቺ አዋላጅ ነሽ፤ እስቲ ንገሪኝ፣ የሰው ዕቃ ይዞ የሚወለድ ልጅ አይተሻል?»

«አላየሁም፣ አዮ።»

«በቃ። እኔም ባዶ እጄን ነው መግባት የምፈልገው።»

ሳቅኩ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ቀስ ብላ «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ከበር እንዳይመልሱኝ ነው የምፈራው» አለች። «አሮጊት ነኝ። ሌላ በር ለመፈለግ ጉልበት የለኝም።»

እናቴ ስትፈራ ሰምቼ አላውቅም። በክረምት ወንዝ ተሻግራ ያመማትን ላም ጎትታ ያመጣች ሴት ናት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ተንበርክኬ ብዙ ቆየሁ። የጸለይኩት አንድ ነገር ነው፤ ጌታ ሆይ፣ ታማኝነቷ መሰናክል አይሁንባት።

መጀመሪያ ያሰብኩት መሄድ ነበር። ፈቃድ ጠይቄ አገኘሁ፤ ልብሴንም አጠፍኩ። ወንድሜ ግን «አትሞክሪው» አለኝ። ያን ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ አውቶቡስ ወደ ነቀምቴ አያልፍም ነበር፤ እሱ ራሱ ከአኖ እስከ ቤት ለመድረስ ይቸገር ነበር። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ልብሴን ከሻንጣው መልሼ አወጣሁ።

ስለዚህ ወደ ወንጌላዊው ደወልኩ። የአርጆ አገር ልጅ ነው፤ ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፣ ቢሆንም የእግዚአብሔር አገልጋይ ነውና አንቱ እለዋለሁ።

«እህቴ፣ በእናትዎ አልጨከንኩም» አለኝ ገና ሳልጀምር። «ግን አይቻለሁ። አንዲት ነገር ደብቀው ያስቀሩ ሰዎች ዓመት ሳይሞላ ወደ ነበሩበት ሲመለሱ አይቻለሁ። ጠላት የሚፈልገው አንድ ቀዳዳ ነው።»

«እውነትዎን ነው፣ ወንጌላዊ። እናቴ ግን የጨበጠችው ዶቃውን አይደለም፤ አደራውን ነው።» የቤታችንን ወግ ነገርኩት። ነጯ ዶቃ የኔ እንደሆነች፣ እናቴ ጠባቂ እንጂ ባለቤት እንዳልሆነች፣ የሌላ ሰው ንብረት አቃጥላ ወደ ጥምቀት መግባት ስርቆት እንደመሰላት።

«‹የኔ አይደለችም› ነበር ያሉኝ» አለ። «እኔ ሰበብ መስሎኝ። የማን እንደሆነች ብጠይቃቸው ኖሮ አንድ ቃል ይበቃ ነበር።» ከዚያ፣ «እርስዎ መምጣት ካልቻሉ በስልክ ይሁና። ሽማግሌዎቹ ባሉበት፣ ሁሉም እየሰማ ይናገሩ። ሰው ፊት መሆኑ አይደል የሚፈለገው?» አለኝ።

እግዚአብሔር ይስጠው። ሌላ ሰው ቢሆን ቃሉን ላለማጠፍ ብሎ እናቴን ደጅ ያስጠናት ነበር።

ቅዳሜ መጣ። ኔትወርኩ ያለው ጉብታው ላይ ብቻ ስለሆነ ጉባኤው በሙሉ ወደዚያ ወጣ። ፍሙን በብረት ድስት ተሸክመው፣ ማገዶውን አንዱ በትከሻው፣ ወጭቱን እናቴ በእጇ። ይህን ሁሉ ወንድሜ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ እየተረከልኝ ነው። እኔ ጤና ጣቢያው የልብስ ክፍል ውስጥ በሩን ዘግቼ፣ የጅጅጋ ነፋስ መስኮቱን ሲደበድብ፣ አንድ ጆሮዬን በእጄ ደፍኜ ቆሜያለሁ። መዝሙሩ ይሰማኛል። ላም ስትጮህ ይሰማኛል። አንዲት ሴት «ልጆች፣ ከእሳቱ ራቁ!» ስትል ይሰማኛል። ዓይኔን ብጨፍን እዚያው ነኝ።

ወንጌላዊው «ስፒከር ላይ አድርጉት» አለ። ከዚያ ወደ እኔ፣ «እህታችን፣ ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል።»

«እኛንም ይሰማናል። ይናገሩ።»

ተዘጋጅቼ ነበር። በኦሮምኛ ቀስ ብዬ ጀመርኩ።

«አይሰማም! ጮክ በይ!» አለች እናቴ ከወዲያ። «እዚያ አገር አያበሉሽም እንዴ?»

ጉብታው በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ። «ነጯ ዶቃ የኔ ናት» አልኩ በኃይል። «እናቴ ከተወለድኩበት ቀን ጀምሮ ጠብቃልኛለች። አላጎደለችም፣ አልጣለችም። ዛሬ አደራዋን ተረክቤያለሁ። እኔ የጌታ ነኝ፤ ዶቃዋን አልፈልጋትም፣ ልጅም ብወልድ አላወርሳትም። እሳት ውስጥ የምትገባው በእኔ ቃል ነው።»

«ሰማችሁ?» አለች እናቴ። «ምስክሮች ናችሁ።»

«ሰምተናል!» አሉ ብዙ ድምፆች።

«ከጅጅጋ ሆና ወለጋ ላይ እሳት ለኮሰች!» አለች አንዲት። በድምፅዋ አወቅኳት፤ ያቺው የአጥር ላይ ጓደኛዋ ናት። እሷም ጉብታው ላይ ወጥታ ነበር።

በኋላ ወንድሜ እንደነገረኝ እናቴ መጀመሪያ ወጭቱን ገለበጠች፤ ከዚያ መዳፏን ከፍታ ነጯን ለሰው ሁሉ አሳየችና ለብቻዋ ጣለቻት። ዶቃ እንደ እንጨት አይነድም፤ ቅቤው ነው የነደደው። የዶቃዎቹ ብርጭቆ አንድ በአንድ ሲሰነጠቅ ሰው ወደ ኋላ ሸሸ፤ እሷ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ሁለቱን መዳፎቿን ወደ ላይ ዘርግታ ታያቸው ነበር አለኝ።

ወንጌላዊው «እንጸልይ» ሲል ሰማሁት።

«እኔ ልጸልይ» አለች እናቴ።

ይህን ማንም አልጠበቀም። እናቴ እስከዚያ ቀን ሌላው ሲጸልይ አሜን ትላለች እንጂ ሰው ፊት ድምፅ አውጥታ ጸልያ አታውቅም። ወንድሜ ስልኩን ወደ እሷ ሳያስጠጋ አልቀረም፤ ትንፋሿ ቀረበኝ።

«ዋቀዮ፣ ጎፍታ ኮ» አለች። አምላኬ፣ ጌታዬ። «እኔ ነኝ…»

ስልኩ ተቋረጠ።

ደወልኩ። ደገምኩ። «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለዋ ሴት ብቻ መለሰችልኝ። ኔትወርኩ ከእነአካቴው ጠፍቶ ነበር፤ ሲመለስ እሁድ አልፏል፣ እናቴም ተጠምቃለች። ወንድሜ ፎቶ ላከልኝ። ነጭ ልብስ ለብሳ፣ ፀጉሯ ርሶ፣ ልጅ ሆኜ የማውቀውን ሳቅ ስቃለች። እኔ እዚህ ስንት ሕፃን ተቀብያለሁ፤ እናቴ ስትወለድ ግን ሩቅ ነበርኩ። ይህን ስል አላዝንም። ሌሎች እጆች ነበሩ፤ መልካም እጆች።

አሁን ሌላ ሰው ሆናለች ብል ማጋነን ነው። አሁንም ትቆጣለች፣ አሁንም ላሞቿን ከሰው አብልጣ ታምናለች። ፍርሃቱ ግን ለቋታል። ድሮ ላም ስትታመም፣ ዝናብ ሲዘገይ፣ «ማንን አስቀይሜ ይሆን?» እያለች ቀኑን ሙሉ ትብሰለሰል ነበር። አሁን «ነገርኩት» ትላለች፤ ወደ ሥራዋም ትሄዳለች። ስትደውልልኝ የመጀመሪያው ጥያቄዋ «ጸለይሽ?» ሆኗል። እኔን! ያቺ ጓደኛዋም አልተለየቻትም፤ ጨሌዋ ገና ቤቷ ነው። እናቴ ግን ወተት ስታልብ ድሮም ትልክላት እንደነበረው ዛሬም ትልክላታለች። «ትጸልዪላታለሽ እንዴ?» ብላት «አንቺ ለእኔ እንዳደረግሽው ነው የማደርገው» አለችኝ። «ዝም ብዬ።»

የዚያን ዕለት ምን ብላ እንደጸለየች ጠይቄያታለሁ። «ላንቺ አልነበረም የነገርኩት» ብላ ዘጋችኝ። ወንድሜን ብጠይቀው «ረጅም ነበር፤ ሰው ሁሉ አለቀሰ» ይላል፤ እሱም ሲያለቅስ አልሰማም መሰለኝ። ወንጌላዊው በመልካም ቃል ጻፈልኝ፤ ምስጋና አቀረበች፣ ንስሐ ገባች፣ ለቤተሰቧ ማለደች ይላል። እውነት ይሆናል። የእናቴ አፍ ግን እንደዚያ አይናገርም።

ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ ጉብታው ላይ የቆማችሁ፣ ይህን የምታነቡ ወይም የሚነበብላችሁ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የሰማችሁትን ንገሩኝ። አታሳምሩልኝ። በኦሮምኛዋ፣ እንዳለችው፣ ቆም ያለችበትም ቦታ ሳይቀር። ስለ ላሞቿ ከነበረ ስለ ላሞቿ በሉኝ፤ ጌታን ተቆጥታው ከነበረም አትደብቁኝ። አንዳችሁ መጀመሪያውን ብታስታውሱ፣ ሌላችሁ መጨረሻውን፣ እኔ እገጣጥመዋለሁ። እናንተ በዚያ ቀን አሜን ብላችኋል። እኔ ከ«እኔ ነኝ» ወዲህ ያለውን ስላልሰማሁ የኔ አሜን አልተባለም፤ ልለው እፈልጋለሁና እባካችሁ ላኩልኝ።